በእህቴ ወረቀት ላይ ያኖርኩት ምልክት

ወልድያ ወፍጮ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ሰሞን አንዲት ገና ከሥልጠና የወጣች ጤና ረዳት እህል ልታስፈጭ መጣች። ቀድሞ የእሷን ሥራ እሠራ እንደነበር ሰው ነግሯት ኖሮ፣ ወረፋዋን እየጠበቀች «ለምን ተዉት?» አለችኝ። መጀመሪያ የገረመኝ አንቱ ማለቷ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ምናልባት ዱቄቱ ፀጉሬን አሽብቶት ይሆናል። «ሰለቸኝ» አልኳት።

ዋሽቻታለሁ። ሥራው አልሰለቸኝም ነበር። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያበቃው፤ ጽሑፍ አይቀናኝም። እየቆምኩና ወደ ኋላ እየተመለስኩ ስለምጽፍ አንባቢ ይታገሰኝ። ነገሩ የፊት ሽፍታ ነገር ነው። ሰው የማይሞትበት በሽታ ነው ብለው ነበር ያስተማሩን።

ደሴ አንድ ዓመት ሠልጥኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ጋሸና ነው። መንገዱ ወደ ላሊበላ የሚታጠፍባት የመኪና መቆሚያ ናት። ታካሚዎቻችን ሹፌሮች፣ ረዳቶቻቸውና ምግብ ቤት የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። አለቃዬ ከበሽተኛ ይልቅ ሪፖርት ይወድ ነበር። «ዛሬ ስንት አየህ?» ይለኛል፤ ምን አየህ ብሎኝ አያውቅም። እኔም ቶሎ ቶሎ ማየት ለመድኩ። ፊቱ ላይ ሽፍታ ያለበት ሰው ሲመጣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ ቅባት ሰጥቼ እሸኛለሁ። ስለ ደመወዙ የማወራው የለኝም። የሚሰጠኝን ፈርሜ እወስዳለሁ፤ መዋጮ ሲቆረጥብን ማጉረምረም በዚያ ጊዜ የሚሞከር አልነበረም።

ሥራ ያየሁት ላሊበላ ክሊኒክ ስዛወር ነው። እዚያ ጋሼ ይመር ነበሩ። ጋሼ ይመር የቆቦ ሰው ናቸው፤ ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ሁሉ ቄስና መሪጌታ መካከል ሰላታቸውን አያስታጉሉም፤ ቄሶቹም ከእሳቸው በቀር ለማንም ክንዳቸውን አይሰጡም።

ጋሼ ይመር ፊቱን የታመመ ሰው ክፍል ውስጥ አያዩም። ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው ወደ በሩ ያወጡና ሰውየውን ብርሃኑ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ረጅም ስለሆነ በሽተኛው ራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። አፋቸውን ሲከፍቱም «ምን አመመህ?» አይሉም። «ምን ቀባህበት?» ነው የሚሉት።

ሁሉም «ምንም» ይላል። አንድ ቀን አንድ ቄስ እንደዚሁ አሉ።

«ከጠበል በቀር ምንም አልነካሁት፣ ይመር።»

ጋሼ ይመር ጠጋ ብለው አሸተቱ። «አባ፣ ይኸ ጠበል ሎሚ ሎሚ ይላል።»

«ሎሚ ትንሽ ነው።»

«ቅቤም ይላል።»

«ቅቤው የባለቤቴ ሐሳብ ነው።»

«አብሽሩ፣ አባ፤ ለእሳቸው አልነግርም። ሌላስ?»

እንደዚህ እየሳቁ ሁሉንም ያወጡታል። ዳማከሴ፣ ሎሚ፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዳንዱ የባትሪ ድንጋይ ፈጭቶ ይቀባል። ሰዉ ለበሽታው ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ላይ ውሎ የወጣበት «ምች ነው» ይላል፤ ጠዋት ሲነሳ ያገኘው «የሌሊት ወፍ ሸንታብኝ ነው» ይላል። ጋሼ ይመር ከስሙ ጋር አይከራከሩም። «ያቃጥላል ወይስ ያሳክካል?» ነው ቀጣዩ ጥያቄያቸው። ብዙ ጊዜ የምናየው ሽፍታ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ አገጭና የአፍ ዙሪያ ላይ የሚወጣው ነው። ፍንጥር ፍንጥር ያሉ ጥቃቅን እብጠቶች ናቸው፤ ከማሳከክ ይልቅ ያቃጥላሉ። ፀሐይ፣ የምድጃ ወላፈን፣ የሚፋጅ ወጥና ጠላ ይቀሰቅሱታል። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችን አንዲት መጽሐፍ «የቆዳ መቅላት» ትላለች።

«ይቺ መጽሐፍ የተጻፈችው ለፈረንጅ ፊት ነው» አሉኝ ጋሼ ይመር። «የላስታ ሰው ፊት መቼ ይቀላል? ይጠቁርና ይግላል። በዓይንህ አትፈልገው።» እጄን ገልብጠው የእጄን ጀርባ በሩ ላይ የተቀመጠች አንዲት ታካሚ ጉንጭ አጠገብ አደረጉት። እውነትም ይግላል።

አንድ ሌላ ነገር አስተማሩኝ። በእኛ አገር ፊቱ ያበጠና ሽፍታ የወጣበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሥጋ ደዌ ነው። ጋሼ ይመር ጥጥ ወስደው ጫፉን እንደ ክር ያሾሉታል። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ የነኩትን ቦታ በጣቱ እንዲያሳያቸው ያደርጋሉ። ጉንጩን፣ ከዚያ ደህናውን ቦታ፣ እንደገና ጉንጩን ይነካሉ። የደነዘዘ ቆዳ ጥጡን አያውቀውም። የሚያቃጥለው ሽፍታ ግን ጥጡን ከእሾህ ይቆጥረዋል። ከዚያ ከጆሮ በታች አንገቱንና ክርኑን ዳብሰው የወፈረ ጅማት ይፈልጋሉ። ይኸን ሁሉ ጨርሰው ነው እፎይ የሚሉት።

አሁን ወደ እህቴ እመጣለሁ። ብዙ ቀን እዚህ ላይ ደርሼ ትቼዋለሁ።

ማሬ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። እታለም ነው የምላት። ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ግድም፣ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ መንደር ነበር ያገባችው። ባሏ ሞላ ዝም ያለ ገበሬ ነው፤ አጎቱ በመንደሩ የተከበሩ መሪጌታ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ስትመጣ ክሊኒኩ ጎራ ትላለች። በሰዉ ፊት «ዶክተር» እያለች ነው የምትጠራኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ታውቃለች፤ ለዚህ ነው የምትለው።

አንድ ቅዳሜ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መጣች። «ዶክተር፣ ምች መቶኛል።» በአፏና በአፍንጫዋ ዙሪያ ጥቃቅን ሽፍታ ወጥቶባታል። ብዙ አልነበረም። ትቶ መጠበቅም ይበቃው ነበር። ጋሼ ይመር ለክትባት ዘመቻ ወደ ቆላው ወርደው ነበር፤ የሚመለሱበት አይታወቅም። ላይኛው መደርደሪያ ላይ በእርዳታ ሣጥን የመጣ የቅባት ቱቦ አለ። ስለዚያ ቱቦ ጋሼ ይመር አንድ ጊዜ ነግረውኛል፤ አልነገሩኝም ማለት አልችልም። «ይኸ ለክርንና ለጉልበት ችፌ ነው። ፊት ላይ አታድርገው። መጀመሪያ ያምርልሃል፤ ከሰነበተ ፊቱ ይለምደዋል፤ ከዚያ ሲቀር ይነሳበታል» ብለውኛል። አስታወስኩት። ለጥቂት ቀን ምንም አይለውም ብዬ ሰጠኋት።

በሦስት ቀን ጠፋላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊቷ እንደ ሙሽራ ጠርቶ መጣች። «አንድ ጨምርልኝ።»

«እታለም፣ ድኖልሽ የለም? በቃ።»

«ስተወው ብቅ ይላል። እኔን ካላከምክ ማንን ልታክም ነው የተማርከው? ጋሸናን?»

ጨመርኩላት። ከዚያም ጨመርኩላት። እንዴት ልበል፤ በሕይወቴ ለእሷ የሰጠኋት የመጀመሪያ ነገር ነበር። አራተኛው ላይ ሣጥኑ አለቀ።

ቱቦው በቀረ በሳምንቱ ፊቷ ተነሳ። ጉንጯ፣ አገጯ፣ የዓይኗ ሥር ሁሉ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ራሱ ላይ መግል ቋጥሮ ነበር። ነጠላዋ ሲነካት ትሳቀቃለች። በሩ ላይ አስቀመጥኳት፤ ጥጥ አሾልኩ፤ ሁሉንም ቦታ አወቀችው። ጅማቷን ዳበስኩ። ሥጋ ደዌ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። አንዱን ጥያቄ ግን አልጠየቅኳትም። ምን ቀባሽበት አላልኳትም። መልሱ እኔ ነበርኩ።

ይልቅ ደሴ ሆስፒታል ሐኪም ይያት አልኩ። ያን ጊዜ ከቀበሌ ወጥቶ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ መኪና ላይ ቦታም የሚሰጠው በኮሚቴ ነው። «የፊት ሽፍታ» ብዬ ጻፍኩ። የኮሚቴው ሰው ወረቀቱን መልሶ ወረወረልኝ። «ወንድሜ፣ አገር እየተራበ ለብጉር መኪና የለም።» ተመልሼ ሌላ ወረቀት ጻፍኩ። በክሊኒክ ያልተረጋገጠ በሽታ ስንጽፍ ከስሙ ፊት የጥያቄ ምልክት እናደርጋለን፤ ምናልባት፣ ይጣራ ማለታችን ነው። እኔም «? ሥጋ ደዌ» ብዬ ጻፍኩ። ሥጋ ደዌ ከሆነ ይልካሉ፤ ደሴ ሲደርስ ሐኪሙ ምልክቱን ያየዋል፤ አይደለም ብሎ ያክማታል። ብልጠት መስሎኝ ነበር።

ኮሚቴው ተቀበለው። ግን የመንደሯ ገበሬ ማኅበር ማኅተም ያስፈልገዋል ተባለ። ሞላ ይዞት ሄደ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር መሠረተ ትምህርት ጨርሶ ምስክር ወረቀት ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ግን አይደፍርም። መንደሩ ስብሰባ ላይ ስለነበር ወረቀቱን እዚያው ለነበሩት ለመሪጌታ ሰጣቸው። መሪጌታ ቆመው፣ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አነበቡት።

ወሬው በሁለተኛው ቀን እኔ ጋ ደረሰ። ሮጥኩ ማለት ይቻላል። መሪጌታን ከደጃቸው አገኘኋቸው።

«መሪጌታ፣ አንቱ ያነበቡት ወረቀት ላይ ከስሙ ፊት ምልክት ነበረች። አላዩዋትም?»

«አየኋት እንጂ። ማጭዲቱን?»

«ማጭድ አይደለችም።»

«ከሥሯ ነጥብ ያላት ማጭድ። መዶሻው የጠፋበት የመንግሥት ምልክት መሰለችኝ። እንዲያውም፣ እንግዲህ መንግሥትም አውቆታል አልኩ።»

«ጥያቄ ማለት ናት። አልታወቀም፣ ይጣራ ማለት ናት።»

መሪጌታ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። «ልጄ፣ በግእዝ ስንጠይቅ ‹ኑ› እንላለን፣ ‹ሁ› እንላለን። በአማርኛም ‹ወይ› አለ፣ ‹ይሆን› አለ። የጠየቅክ ከሆነ ምነው በፊደል ብትጠይቅ?»

«ይሆን» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ሦስት ፊደል ብቻ ነው።

በስብሰባው ማግሥት የባሏ እናት ማሬን ከቤት አስወጥተው ከብቶቹ የሚያድሩበት ጎጆ አስገቧት። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። በሳምንቱ ሞላ እኔ ጋ አመጣት። በር ላይ ቆሞ እግሩን እያየ «እናቴ ናት» አለ። እኔ ወረቀቱ ስህተት መሆኑን ነገርኩት። «ወረቀቱን ማን ጻፈው?» አለኝ። እኔ አልኩት። ሄደ። ደሴም ሳትሄድ ቀረች። «ያንን ወረቀት ይዤ መኪና ላይ አልወጣም» አለች፤ እኔም አላስገደድኳትም።

ጋሼ ይመር ከዘመቻ ሲመለሱ እኔ ቤት ነበረች። መጡ፤ ወንበር ወደ በሩ አወጡ። ዝም ብለው አዩዋት። ጥጡን አሾሉ። ከዚያ «እህቴ፣ ምን ቀባሽበት?» አሏት።

ማሬ እኔን አየችኝ። ልታድነኝ ፈልጋ ነበር። «ዳማከሴ» አለች።

«ሌላስ?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አልኩ። ጋሼ ይመር ወደ እኔ አልዞሩም። ንግግራቸው ከእሷ ጋር ነበር።

«አብሽሪ። ይኸ የሚድን ነው። ያ ቅባት ነው ፊትሽን እንዲህ ያስለመደው። ግን አሁን የምልሽን ስሚ፤ ከመዳኑ በፊት ይብስብሻል። እስከ ሦስት ሳምንት ሊያስለቅስሽ ይችላል። ይኸን ሳልነግርሽ ብሄድ፣ በአምስተኛው ቀን ይመር ገደለኝ ትያለሽ። ቱቦ ፍለጋም ትወጫለሽ።»

«እሺ።»

«ሳሙና የለም። ቅቤ የለም። ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ጠዋትና ማታ፣ ሳታሺ። ድስት ላይ አታጎንብሺ፤ በርበሬ ቀንሺ። ቀትር ላይ ጥላ ያዢ። እርጉዝ ነሽ?»

«ከከብቶቹ ነው የማረግዘው?»

ጋሼ ይመር ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። የቴትራሳይክሊን ኪኒን ሰጧት፤ ከወተት ጋር እንዳትወስደው አስጠነቀቋት።

ውጭ ስሸኛቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ሲሳይ፣ ቱቦውን መስጠትህ ስህተት ነው፤ እኔም ብዙ ተሳስቻለሁ። እያየሃት አለመጠየቅህን ግን ምን እንደምለው አላውቅም።» ከዚያ ወዲያ አንስተውት አያውቁም።

እንዳሉት ባሰባት። በሦስተኛው ሳምንት፣ ፊቷ የባሰ ክፉ በነበረበት ሰሞን፣ ለሰፈራ የሚሄዱ ሰዎች ምዝገባ ተጀመረ። ብዙው ሰው ተገዶ ነው የተመዘገበው። ማሬ በገዛ እግሯ ሄደች። ደርሼ ከሰልፉ ላወጣት ስሞክር አየሁት፤ ከፊቷም ከኋላዋም ሰዉ ቦታ ትቶላታል።

«እታለም፣ ነይ እንሂድ። በሦስት ሳምንት ይድናል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ፊቴን የማያውቁበት አገር ልሂድ።»

መዝጋቢው ካድሬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «በሽታ አለብሽ?» አላት። «የለብኝም» አለች። ጻፈ። ያን ቀን ከተጻፈው ሁሉ እውነቱ እሱ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት መግሉ ደረቀ። በሰባተኛው ፊቷ ጠራ፤ ጉንጯ ላይ ጥቂት ጥቁር ጥላ ብቻ ቀረ። ጋሼ ይመር ከሥጋ ደዌ ነፃ መሆኗን ያለ አንዳች ምልክት፣ በሙሉ ቃል ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። ወረቀቱን ራሴ ወሰድኩት፤ መሪጌታ በመንደሩ ፊት አነበቡት፤ በዚያው ድምፃቸው፣ ሁለት ጊዜ። የሞላ እናት «እዚያ የሚሠራው ወንድሟ አይደል?» አሉ። በቃ።

ተመልሼ ለማሬ መስተዋት ሰጠኋት። ስሟን ከመዝገቡ እንዲሰርዙላት እንለምን አልኳት። መስተዋቱን ግራና ቀኝ እያዞረች አየች።

«ፊቴማ ዳነ። እነሱን በምን ታክማቸዋለህ?»

በሳምንቱ ሰፋሪዎቹ በጭነት መኪና ሄዱ። እስከ ጋሸና ሸኘኋት። ዶክተር አላለችኝም፤ በስሜ ጠርታኝ «ራስህን ጠብቅ» አለችኝ።

ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ሠራሁ። ጥሩ ሠራተኛ ነበርኩ ብል አላጋነንኩም። ወንበሩን ወደ በሩ አወጣለሁ፤ ምን ቀባህበት እላለሁ፤ ከመዳኑ በፊት እንደሚብስ አስቀድሜ እናገራለሁ። ወረቀት ላይ «ምናልባት» ብዬ በፊደል እጽፋለሁ። ላይኛውን መደርደሪያ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ብዙ ፊት ድኖልኛል።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት መጣ። ከሰፈራ ጣቢያ ጠፍቶ፣ ከወር በላይ በእግሩ ተጉዞ የደረሰ የላስታ ሰው ነው። ወባ ነበረው። የነበረበትን ጣቢያ ሲነግረኝ የእህቴ መኪና የተላከበት መሆኑን አወቅኩ። ማሬ የምትባል ታውቃለህ ወይ አልኩት።

«የላሊበላዋ ማሬ? እሷ ክረምት ላይ ነው ያረፈችው። ይኸው እኔን የያዘኝ ነው የያዛት።» ከዚያ ፊቴን አይቶ «ዘመድህ ናት?» አለኝ።

«እህቴ ናት።»

ተነስቶ ሊያጽናናኝ ሞከረ፤ ትኩሳቱ መልሶ አስቀመጠው። «ነፍሷን ይማር። ስንታመም ውኃ የምትቀዳልን እሷ ነበረች። አንዲት ጣሳ ነበረቻት፤ በተራ በእሷ ነው የምንጠጣው። አፏ ደግሞ አይጣል ነው፤ የታመመውን ሁሉ ታስቀዋለች።»

«ፊቷስ?» አልኩት።

«ፊቷ?» ሊያስታውስ ሲሞክር ግንባሩን ቋጠረ። «ፊቷ ምን ነበረው?»

የወባውን ኪኒን ሰጠሁት፤ አወሳሰዱን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። በማግሥቱ የመደርደሪያውን ቁልፍ ለጋሼ ይመር አስረክቤ ወጣሁ።